አምስተኛው ቅርጫት

ሁንላፍ አርባ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እኛ የአሎሪግ ሰዎች ጸሎት የሚያደርስ ነበር የሚመስለን። እንዲያውም እናቶች ለልጆቻቸው «እሱን አታዩም? እንደ ሁንላፍ ቁሙ እንጂ!» ይሉ ነበር። ጉድ እኮ ነው! ሰውየው ለካ ቅርጫቶቹን እየቆጠረ ነው።

አይፈረድበትም። እዚሁ አሎሪግ፣ ረግረግ መሃል ባለች ደሴት ላይ ተወልዶ፣ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ታንኳ ላይ ያደገ ሰው ነው። የሚያጠምደው እባብ ዓሣ ነው፤ ያንን ረጅሙን፣ ሙልጭልጩን። በጾም የምንበላው እሱን፣ ለገዳሙ ግብር የምናገባውም እሱን ነው። ሁንላፍ ከአኻያ ዘንግ የጎነጎናቸው፣ አፋቸው ሰፊ ጉሮሯቸው ጠባብ የሆኑ አሥራ ሁለት ቅርጫቶች ነበሩት። እያንዳንዱ በገመድ ታስሮ በየቦታው ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ዓሣው ይገባል፣ መውጫው ይጠፋዋል፣ በቃ። ማለዳ ማለዳ ሁንላፍ ታንኳውን እየገፋ ከአንደኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ይዞራል። ዙረቱ ደሙ ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ቅዳሴ ላይ ቆሞም፣ ቀብር ላይ ቆሞም አፉ እሱኑ ይቆጥራል።

ሚስቱን በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ንዳድ ወሰደበት፤ ልጅ አልወለደችለትም። ከዚያ በኋላ ብዙ የማይናገር፣ ብዙ የማይስቅ ሰው ሆነ። እስኪ ይሁን ብለን ተውነው። ቦትዊን እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ቦትዊን ከደጋው የወረደ ጎረምሳ ነው። ዋና እንጂ ዓሣ ማጥመድ አያውቅም፤ አፉ ግን አያርፍም። እንዴት እንደተግባቡ እግዜር ይወቅ፣ ስምንት ዓመት በአንድ ታንኳ ሠሩ። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል። ቦትዊን ከወንዙ ማዶ ቤዮርንዊን የምትባል ዘመድ አልባ ልጅ አግብቶ ሲያመጣ፣ ሠርጉን የደገሰው፣ ጠላውን ያስጠመቀው ሁንላፍ ነው።

አንድ መከር ላይ ታዲያ፣ ሁለቱ ታንኳ ላይ ሳሉ ቦትዊን እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ ቤዮርንዊን አርግዛለች» አለው።

«እንኳን ደስ ያለህ። ቀዘፋውን አትተው።»

«ክርስትናውን የምታነሳው አንተ ነህ።»

«እኔ? ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ሰው ሞልቷል። አንተ ግን አንድ ነህ። ደግሞ እኔ አንድ ነገር ብሆን እሷ ማን አላት? በክርስትና ልጅህ ከሆነ ሥጋህ ነው፣ ማንም ንክች አያደርገውም። እሺ በለኝ እንጂ ጋሼ!»

«እሺ አልኩ። አሁን ቅዘፍ።»

ይህን ባለ በአራተኛው ቀን ነው የሞተው።

አምስተኛው ቅርጫት ያለው ጥቁሩ ጉድጓድ የምንለው ቦታ ላይ ነው። ረግረጉ እዚያ ላይ በድንገት ይጠልቃል፤ ውሃው በበጋ ፀሐይ እንኳ አይሞቅም። ከጥንት የወደቀ የዋርካ ያህል ዛፍ ታች ተጋድሟል፣ ሥሩ እንደ ጣት ተዘርግቷል። ያን ቀን የቅርጫቱ ገመድ ሥሩ ላይ ተጠመጠመና አልሳብ አለ። ሁንላፍ «ተወው፣ ሌላ እጎነጉናለሁ» አለ። ቦትዊን ግን ልብሱን አውልቆ ጨርሷል። ቢላውን በጥርሱ ያዘ። ሁንላፍ ሌላ ገመድ በቦትዊን ወገብ ዙሪያ አስሮ፣ ጫፉን እጁ ላይ ጠቀለለና «ይዤሃለሁ፣ ውረድ» አለው።

ወረደ። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ፣ ከዚያ ላላ። ሁንላፍ ሲስበው ባዶውን መጣ። ቋጠሮውን ያሰረው ራሱ ነበር። እስኪመሽ በመንጠቆ፣ በመረብ፣ በእንጨት ፈለግን፤ በሳምንቱም ፈለግን። ጥቁሩ ጉድጓድ የዋጠውን አይመልስም። ቄስ ኬኦልሬድ ፍትሐት አደረሱ፤ የሚቀበር ግን አልነበረም። ሁንላፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቦታ ደርሶ አያውቅም። ከአራተኛው ቅርጫት በሸምበቆው ዞሮ ወደ ስድስተኛው ይሄዳል። ስንት ቅርጫት አለህ ሲሉት ግን እንደ ድሮው «አሥራ ሁለት» ነው የሚለው።

ቤዮርንዊን ከአራት ወር በኋላ፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል ወንድ ልጅ ወለደች። ሁንላፍ ለአራሷ ሦስት የተጨሰ ዓሣ በቄጠማ አስሮ ይዞላት ሄደ፣ በሩ ላይ አስቀምጦ ሊመለስ ሲል በድምፅ ያዘችው።

«ጋሼ ሁንላፍ! ሌባ ነህ እንዴ? ግባ እንጂ!»

ገባ። ሕፃኑን እቅፉ ውስጥ አደረገችለት። እንደ እንቁላል ነበር የያዘው።

«ስሙ ቦትላፍ ነው» አለች። «ቦት ከአባቱ። ላፍ ከአንተ። ቃልህን እንደሆነ ሰጥተሃል፣ ነግሮኛል።»

ሁንላፍ ሕፃኑን እንደታቀፈ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጀርባውን ሰጥቷት «ቦትላፍ፣ ቦትላፍ» ሲል ግን ሰምታዋለች። እሷ ናት በኋላ የነገረችን።

ልጅ በተወለደ በሠላሳ ቀን ውስጥ መጠመቅ አለበት የሚለው ደግሞ የንጉሡ ሕግ ነው። ሁንላፍ ወደ ቄስ ኬኦልሬድ ሄደ። ቄሱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ቁጣቸው ከጉልበታቸው የሚፈጥን ሽማግሌ ናቸው። የንብ ቀፏቸውን እያጠቡ አገኛቸው።

«ክርስትና ላነሳ ነው፣ አባ።»

«እሰይ! እንግዲህ ደንቡን ታውቃለህ። ክርስትና የሚያነሳ ሰው አባታችን ሆይንና ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ማለት አለበት። ራሱ የማያውቀውን ለልጅ ምን ብሎ ያስተምራል? በል፣ በል። ለወጉ ያህል ነው፣ ስትል ሳይህ ኖሬያለሁ።»

አባታችን ሆይን እየተንገዳገደም ቢሆን ጨረሰው። ከዚያ «አምናለሁ» አለና ቆመ።

«በምን?»

«በእግዚአብሔር።»

«ጥሩ። ቀጥል።»

ሁንላፍ ጺሙን አከከ።

«አንተ ሰው! አርባ ዓመት እኮ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ!»

«ቅርጫቶቼን ስቆጥር ነው፣ አባ።»

ቄሱ ቀፎውን አስቀመጡት። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሳቃቸው ቀደመ። ሳቁ፣ ሳሉ፣ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ግን ፊታቸው ጠንከር አለ። «ቀልድ አይደለም ሁንላፍ። ሳታውቀው አልቀበልህም። ለጳጳሱ ማልኩ፣ ለማንም አላፈርሰውም። በሠላሳኛው ቀን ካልቻልክ ቱማ ያነሳዋል፤ እሱ ያውቀዋል።»

ቱማ የጣሪያ ክዳን ሠሪው ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን ደረጃ ላይ ሆኖ ሣር እየከደነ በአንድ ትንፋሽ ይለዋል፤ ምን እያለ እንደሆነ ብትጠይቁት ግን እንጃ። ደግ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ነገር ግን በሱ ቤት ሰባት ልጆች አሉ፣ ስምንተኛውን ማን ያስታውሰዋል? ሁንላፍ ይህን ያውቃል። ደግሞስ ለሙት የተሰጠ ቃል በማን ላይ ይጣላል? ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ጨመደደ።

«አይገባኝም እኮ አባ። ጭንቅላቴ ወንፊት ነው። ከቅርጫት በቀር የያዘው ነገር የለም።»

ቄሱ አዩት። «ስንት ናቸው ቅርጫቶችህ?»

«አሥራ ሁለት።»

«እዚህ የምንለው ጸሎተ ሃይማኖትም አሥራ ሁለት ቃል ነው። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንድ አንድ ቃል አዋጥተው ሠሩት ይላሉ አባቶቻችን። እንግዲያው ቁጠር! ግን በየቅርጫቱ አንድ አንድ ቃል እሰር።»

እንዲህ ሆነ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቄሱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ዳርቻው እየወረዱ፣ እሱ ቅርጫት ሲጠግን በእኛው ቋንቋ ቃል በቃል ያስብሉታል። ማለዳ ደግሞ ሁንላፍ ብቻውን በታንኳው ይዞራል። አንደኛው ቅርጫት ጋ፣ «ሁሉን በሚችል፣ ሰማይና ምድርን በፈጠረ በእግዚአብሔር አብ አምናለሁ።» ይስባል፣ ዓሣውን ያፈሳል፣ ይመልሳል። ሁለተኛው ጋ፣ ወልድ። ሦስተኛው ጋ፣ ከድንግል መወለዱ። አራተኛው ጋ፣ መከራው፣ መሰቀሉ፣ ሞቱ፣ መቀበሩ።

ከዚያ በሸምበቆው ይዞራል።

ምን ልበላችሁ፣ ያ ዝምተኛ ሰው መለወጥ ጀመረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰማይ ማለት ለሱ ዝናብ የሚመጣበት ነበር። አንድ ማለዳ ከውሃው ጉም ሲነሳ፣ ዝይዎቹ በሺህ ሆነው ከላዩ ሲያልፉ፣ «ሰማይና ምድርን በፈጠረ» እያለ ሳለ አፉ ላይ ያለው ነገር ድንገት ከበደው። ታንኳው ውስጥ ተንበረከከ። ይህ ሁሉ እንዲሁ የበቀለ ሳይሆን አንድ አባት የሠራው ነው? አምሳ ዓመት የቀዘፍኩት በአባት ቤት ውስጥ ነው? እያለ ደነገጠ። ቱማ ሸምበቆ ሊያጭድ መጥቶ አየው። «ሁንላፍ! ምን ጣልክ?» ብሎ ጮኸ። «ምንም» አለው። «ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?» ሁንላፍ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ቅርጫት ቀዘፈ። ማታ ጠላ ቤት «ሁንላፍ አበደ» ተብሎ ተወራ።

ሠላሳኛው ቀን ደረሰ። ቤዮርንዊን ልጁን በነጭ በፍታ ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመች። ሁላችንም መጣን፤ እውነቱን ልናገር፣ ግማሾቻችን የመጣነው ሁንላፍ ሲወድቅ ልናይ ነው። ቱማ ደግሞ «ምናልባት» ብሎ ታጥቦ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሶ ወደ ጎን ቆሟል። ሁንላፍ ጺሙን ተላጭቶ ሌላ ሰው መስሏል።

ቄስ ኬኦልሬድ እንደ ጥምቀቱ ወግ የሕፃኑን ምላስ በጨው ነክተው «በል ሁንላፍ» አሉ።

ጀመረ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ እጁን ገመድ እንደሚስብ እያደረገ ነበር የሚለው። ሰዉ ወደ ፊት ተጠጋ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ ቱማ አይንጋጋም። እያንዳንዱ ከውሃ እንደሚወጣ ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ይመጣል። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩትን ያን ቀን ነው የሰማሁት። «መከራን ተቀበለ፣ ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተቀበረ» አለ። «በሦስተኛው ቀን ከሙታን ተነሣ» አለ። እስከ ሥጋ ትንሣኤና እስከ ዘላለም ሕይወት ሄደ። «አሜን።»

እኛ ጉድ ብለን ልናጨበጭብ ምንም አልቀረንም። ቄሱ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«አንድ ጎደለ» አሉ።

«አልጎደለም አባ። ሁሉንም ዞሬያለሁ።»

«አሥራ አንድ ነው ያልከው። እንደገና በል።»

እንደገና አለ። እጁ ሳበ፣ መለሰ። «ተቀበረ» አለና፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፣ እጁ በአየር ላይ ወደ ግራ ዞረ፤ ታንኳ በሸምበቆ እንደሚያዞር። «በሦስተኛው ቀን» አለ።

«አምስተኛው የታለ?» አሉ ቄሱ በለሆሳስ።

ሁንላፍ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አላውቀውም።»

«አስተምሬሃለሁ። ዳርቻው ላይ ስንት ጊዜ ብለኸዋል።»

«ውሃው ላይ ግን አላልኩትም። አልደርስበትም እኮ! አባ፣ እዚያ አልደርስም!»

ቤዮርንዊን ያኔ ገባት። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ቱማ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ አለሁ፣ ከተፈለገ» አለ።

«አንተ አፍህን ዝጋ» አለችው ቤዮርንዊን።

«ለመርዳት ነው…»

«አውቃለሁ። ዝጋው።» ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ ሠላሳኛው ቀን የሚያልቀው መቼ ነው?»

ቄሱ ሰማዩን አዩ። ፀሐይ ገና ከትልቁ የባሉጥ ዛፍ በላይ ነበረች። «ስትጠልቅ» አሉ። «እስከዚያ እዚሁ እቀመጣለሁ። ጉልበቴም ይረፍ።» ከዚያ ሁንላፍን በትከሻው ያዙት። «ቃሉን እኔ ብነግርህ አሁን ትለዋለህ፣ ነገ ታልፈዋለህ። ካስቀመጥክበት ሄደህ አምጣው።»

ብቻውን ሄደ። ያየውን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ሊሞት ሲል ነው ለቦትላፍ የነገረው፣ ቦትላፍ ነው ለእኛ የነገረን።

ከአራተኛው ቅርጫት በቀጥታ ቀዘፈ። ጥቁሩ ጉድጓድ ላይ ነፋስ አልነበረም። ውሃው ዝም ብሎ ያየዋል። የቅርጫቱ ገመድ ከተተከለው እንጨት ላይ፣ እዚያው እንደታሰረ አረንጓዴ ለብሶ ተንጠልጥሏል። ሁንላፍ አልነካውም። ተቀመጠ። «ቦትዊን» ብሎ ተጣራ፤ ድምፁ ራሱን አስፈራው። «አንተ ወንድሜ፣ ቋጠሮውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ። አለቀሰ። አምስት ወር ሙሉ ያላለቀሰውን አለቀሰ።

ልቅሶው ሲወጣለት ቃሉ መጣ። ማንም አልነገረውም።

«ወደ ሲኦል ወረደ።»

አፉን በእጁ ያዘ። ወረደ? ማን? ሰማይና ምድርን የፈጠረው ልጁን ሰጥቶ፣ ያ ልጅ ደግሞ ሞቶ፣ ሙታን ያሉበት፣ ብርሃን የማይደርስበት፣ ገመድ የማይደርስበት ድረስ… ታች ድረስ ወረደ? ሁንላፍ የታንኳውን ጠርዝ ይዞ ወደ ጥቁሩ ውሃ ጎንበስ አለ። አምስት ወር ሙሉ ቦትዊንን እዚያ ታች ብቻውን ነበር የሚያየው። ለካ ብቻውን አልነበረም። ለካ ቦትዊን ከመውረዱ በፊት የወረደ አለ፤ ታችኛው ጭቃ ላይ እግሩን የተከለ፣ በሩን የሰበረ፣ የሚመጣውን የሚቀበል አለ። ፀጉሩ ቆመ። በጣም ፈራ፣ ግን ሽሽ ሽሽ የሚል ፍርሃት አልነበረም፤ ጫማ አውልቅ የሚል ፍርሃት ነበር። ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ ገመዱን ያዘ። ሥሩ ላይ እንደተጠመጠመ ነው ብሎ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲስበው ሊገለበጥ ምንም አልቀረው። ቅርጫቱ ቀልሎ መጣ! እየተንሳፈፈ ወጣ። ገመዱ ላይ የክንድ ያህል የጥቁር ሥር ቁራጭ ተጠምጥሟል፤ በሁለቱም ጫፍ በቢላ የተቆረጠ። ቦትዊን ቆርጦታል። ሥራውን ጨርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ደፍሮ የሳበው ሰው ስላልነበረ፣ ቅርጫቱ ነጻ ሆኖ አምስት ወር ሙሉ ሳቢ ሲጠብቅ ኖረ። ውስጡ ሦስት ወፋፍራም ዓሦች ይገላበጣሉ። ሁንላፍ የቅርጫቱን አፍ ከፍቶ ወደ ውሃው ለቀቃቸው።

ፀሐይ የባሉጡን ጫፍ ስትነካ በባዶ እግሩ፣ ቅርጫቱን ተሸክሞ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ደጃፉ ላይ ደረሰ። የሥሩን ቁራጭ ቤዮርንዊን እጅ ላይ አኖረው። «ባልሽ ፈትቶት ነበር» አላት። ሁለቱን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፣ ከቁርጡ የባሏን ቢላ አወቀች፣ ግንባሯን በላዩ ደፋች።

ቄሱ ተነሡ። «በል።»

አለ። አንዱንም አላዞረም። «ሞተ፣ ተቀበረ» አለ። ቆመ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ቱማ፣ ያ ቱማ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «በል፣ በል» ይለዋል። «ወደ ሲኦል ወረደ» አለ ሁንላፍ፣ የገዛ አገሩን ስም እንደሚጠራ ሰው ረጋ ብሎ። «በሦስተኛው ቀን ከሙታን ተነሣ።» ያኔ ስንቶቻችን እንደተንበረከክን አላውቅም። እኔ ግን መሬት ላይ ነበርኩ።

ወደ ውስጥ ገባን። የድንጋዩ ገንዳ ሞልቷል፤ በምዕራቡ መስኮት የገባው ብርሃን ውሃው ላይ ተኝቷል። ቄሱ ልጁን ራቁቱን ተቀበሉት። በአብ ስም ብለው አጠለቁት፣ አወጡት። በወልድ ስም ብለው አጠለቁት፣ አወጡት። ሁንላፍ እጆቹን ከውሃው በላይ ዘርግቶ ቆሟል፤ ዓይኑ ከውሃው አልተነቀለም። በመንፈስ ቅዱስ ስም ሲሉ ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ። ውሃው በላዩ ተከደነ። የሁንላፍ ከንፈር ቆመ፤ ምንም አልቆጠረም።

ቦትላፍ ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት እየሰነጠቀ ወጣ፣ ረጥቦ፣ ቀልቶ፣ በቁጣ እየተራገጠ። ሁንላፍ ከቄሱ እጅ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አጣበቀው።

«ይዤሃለሁ» አለው። «ይዤሃለሁ።»